የማን ተማሪ ነው?

ዋሽንት ነፊያችን ኑሮውን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ የቀረነው ሦስታችን በአንድ ጉዳይ ላይ ሳንግባባ ከርመናል። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዘን በባሕር ዳር ሠርግ ቤቶችና በጣና ዳር ባሉ ሆቴሎች ስንጫወት ዓመታት አልፈዋል፤ ጥር ሲመጣ ስማችንን ጠርቶ የሚፈልገን ሰው አይጠፋም። ያከራከረን ተተኪ የማግኘት ጉዳይ አይደለም፤ ዋሽንት አሳምሮ የሚነፋ ወጣት በዚህ ከተማ ሞልቷል። ያከራከረን፣ አዲስ ሰው ከገባ በኋላ በቀድሞው ስማችን መጠራት ይገባናል ወይ የሚለው ነው። ማሲንቆ መቺያችን አይገባንም ይላል፤ ቡድኑ እኛ አራታችን ነበርን፣ አንዳችን ስንጎድል ስሙም አብሮ ይጎድላል ባይ ነው። ከበሮ መቺያችን በበኩሉ የቡድን ስም እንደ ሱቅ ነው፣ ሻጩ ቢቀየር ደንበኛው መምጣቱን አይተውም ይላል። እኔ ክራሬን አቅፌ ሁለቱን ሳዳምጥ፣ ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር።

ክርክሩን ከቆመበት ያነቃነቀው ከሙያችን በጣም የራቀ የሚመስል ነገር ነው። አንድ የክረምት ምሽት ልምምድ ጨርሰን ሽምብጥ ባለው ቤቴ ተቀምጠን ሳለ፣ ከኮምፒውተሬ አንድ የተቀረጸ ኮንሰርት አውጥቼ በቴሌቪዥን አሳየኋቸው። ተጫዋቾቹ የሞስኮው ቦሮዲን ኳርቴት አባላት ናቸው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቫዮላና አንድ ቼሎ የያዙ አራት ሰዎች። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1945 ተመሥርቶ ሳይበተን እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከመሥራቾቹ ግን ዛሬ አንድም በመድረክ ላይ የለም። ያሳየኋቸውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ለከበሮ መቺያችን ወገን ጥሩ ማስረጃ ይሆናል ብዬ። ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው በዚያ ምሽት የኔታ አብረውን ስለነበሩ ነው።

ቃል የሌለው ዜማ

የኔታ የእናቴ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በዘጌ ድጓና አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን ዓይናቸውን ለመታከም በጀልባ እየተሻገሩ እኛ ዘንድ ይሰነብታሉ። የቡድናችንን ሥራ ይወዱታል ለማለት አልደፍርም፤ ማሲንቆው ከሳጥኑ ሲወጣ ዳዊታቸውን ይዘው ወደ ጓዳ መግባታቸው የተለመደ ነው። በዚያ ምሽት ግን ጓዳው በዝናቡ እያፈሰሰ ስለነበር ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀሩ።

“ዘፈን ነው?” ሲሉ ጠየቁኝ።

“ዜማ ነው፣ የኔታ። ቃል የለውም።”

“ቃል ከሌለውማ በምን ይፈረድበታል” አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

የቀረበው ሥራ ዲሚትሪ ሾስታኮቪች በ1970 የጻፈው 13ኛው ኳርቴት ነው፤ ኳርቴት የሚባለው ቡድኑም፣ ለአራቱ የተጻፈው ሥራም ነው። ሾስታኮቪች 15 ኳርቴቶችን ትቶ ያለፈ የሶቪየት ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ሲሆን፣ ይህ ሥራው 20 ደቂቃ ያህል ሳያርፍ የሚሄድ፣ በዝግታ ጀምሮ መሐሉ ላይ የሚፈጥንና እንደገና ወደ ዝግታው የሚመለስ ነው። ቫዮላው ብቻውን ይጀምረዋል፤ ሌሎቹ ተራ በተራ ይገባሉ። ለሠርግ የሚሆን ነገር አይደለም። ጆሮን የሚያባብል ዜማ የሚጠብቅ ሰው ገና ከመጀመሪያው ተስፋ ይቆርጣል፤ ከበሮ መቺያችንም ብዙ ሳይቆይ ስልኩን አወጣ።

አራቱን ፊት ለፊት ቆሞ የሚመራ ሰው የለም። በጥቂት ሰዎች የሚቀርበው የቻምበር ሙዚቃ ወጉ እንዲህ ነው፤ በትልቅ ኦርኬስትራ ፊት እጁን እያወዛወዘ የሚቆም መሪ እዚህ አያስፈልግም፤ አንዱ ትንፋሹን ሲስብ ሦስቱ አብረውት ይገባሉ። የኔታ ይህን ከማናችንም ቀድመው አዩት። “ያ ከግራ በኩል ያለው በአገጩ ያስገባቸዋል” አሉ። እውነትም የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች አገጩን ከመሣሪያው ጋር በጥቂቱ ከፍ ሲያደርግ፣ የቀሩት ሦስቱ ደጋኖች በዚያው ቅጽበት ይወድቃሉ። በማኅሌት ላይም ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ተሰልፈው አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ሲቀበል፣ ጸናጽሉና ከበሮው የት ላይ እንደሚያርፉ የሚታወቀው በመሪው ትከሻና በመቋሚያው አነሣስ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግሩኝ ኖረዋል።

ፈጣኑ ክፍል ሲደርስ ተጫዋቾቹ የደጋናቸውን እንጨት በመሣሪያው ሆድ ላይ ማንኳኳት ጀመሩ። ማሲንቆ መቺያችን ሳቀ፤ እሱም ሞቅ ሲለው የማሲንቆውን ቆዳ በጣቱ መታ መታ ያደርጋልና፣ እንዲያ ያለ የከበረ ዕቃ በእንጨት ሲንኳኳ ማየት ደስ አሰኝቶታል። የኔታ አልሳቁም። “መቋሚያውን መሬት ያስነኩታል” አሉ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። ሦስቱ ቀስ በቀስ ሸሽተው ቫዮላው ብቻውን ቀረ። ቫዮላ ከቫዮሊን ዝቅ፣ ከቼሎ ከፍ ብሎ መሐሉን የሚሞላ መሣሪያ ነው፤ ብዙ አድማጭ ቢኖርም ባይኖርም ልብ የማይለው ድምፅ ነው ብል ቫዮላ የሚጫወቱ ሰዎች የሚቀየሙኝ አይመስለኝም፤ እነሱም ይህን እያነሡ ይቀልዳሉ። እዚህ ላይ ግን ከለመደው አገር ወጥቶ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ካሜራው የተጫዋቹን ግራ እጅ አቀረበው። መዳፉ የመሣሪያውን አንገት ትቶ ትከሻው ላይ ወጥቷል፤ አራቱ ጣቶች የሚያርፉበት ስፍራ ጠብቧቸው እርስ በርስ ተጠጋግተዋል፤ አንዱ ጣት ቦታ እንዲያገኝ ሌላው መነሣት አለበት። ደጋኑ አውታሮቹ ወደሚያርፉበት ብርኩማ ተጠግቶ በጣም በዝግታ ይሄዳል። በመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ሁለቱ ቫዮሊኖች መጥተው ከቫዮላው ጋር አንድ ሆኑ፤ ድምፁ እያየለ፣ እያየለ ሄደና ቴሌቪዥኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በድንገት ተቆረጠ።

ከበሮ መቺያችን “አለቀ?” አለ። ማሲንቆ መቺያችን የቫዮላውን ዋጋ ጠየቀኝ። የኔታ ግን “ያ በመጨረሻ ብቻውን የቀረው ሰው፣ የማን ተማሪ ነው?” አሉኝ።

ስሙን አልጠየቁም። አገሩን፣ ዕድሜውን፣ ስንት ዓመት እንደተጫወተም አልጠየቁም። ለእሳቸው ዜማ የሰማ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ነው። የድጓው መጽሐፍ ምልክት አለው፤ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ ከፊደሉ በላይ በቀይና በጥቁር ተጽፎ ይታያል፤ ነገር ግን ምልክቱን ያነበበ ሁሉ ዜማውን አያውቅም። ከመምህር አፍ መቀበል፣ ዓመታትን ከመምህሩ እግር ሥር መቀመጥ፣ በመጨረሻም ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ማስመስከር አለበት። የቤተልሔም ዜማ ከአጫብር፣ የአጫብሩ ከቆማ እንደሚለይ የሚያውቅ ጆሮ፣ አንድ ሰው አፉን ሲከፍት ከየትኛው ቤት እንደመጣ ወዲያው ይለየዋል። የኔታ አንድን ዜመኛ ሲሰሙ ከኋላው የቆመውን መምህርም አብረው ይሰማሉ።

“አላውቅም” አልኳቸው።

“እወቅ እንጂ” ብለው ለጸሎት ተነሡ።

የወንበሩ ባለቤቶች

ነገሩ ከነከነኝ። በቪዲዮው ላይ ያለውን ተጫዋች ትቼ፣ ያ የመጨረሻ አወጣጥ መጀመሪያ ለማን እጅ እንደተጻፈ መፈለግ ያዝኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከእኛ ክርክር ጋር እንዲህ ይገጥማል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከሾስታኮቪች ኳርቴቶች ከ2ኛው እስከ 14ኛው ያሉትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማው አንድ ቡድን ነው፤ ቤትሆቨን ኳርቴት ይባላል። በ1923 በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ የተመሠረተ ሲሆን፣ የቤትሆቨንን ስም የያዘው በ1931 ነው። በመጀመሪያው ቫዮሊን ዲሚትሪ ጺጋኖቭ፣ በሁለተኛው ቫሲሊ ሺሪንስኪ፣ በቫዮላ ቫዲም ቦሪሶቭስኪ፣ በቼሎ ሰርጌይ ሺሪንስኪ ነበሩ። እነዚህ አራት ሰዎች አንድም ሳይለወጥ ከ40 ዓመት በላይ አብረው ተጫወቱ። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ስታሊን ነግሦ ሞቷል፣ የዓለም ጦርነት መጥቶ ሄዷል፣ እነሱ ግን ያንኑ ወንበራቸውን ይዘው ቆይተዋል። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል እንዲሉ፣ ሾስታኮቪችን የሚያህል ደራሲ ሥራዎቹን እየጻፈ ለእነሱ ማምጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1964 ቦሪሶቭስኪ ጤናው እምቢ ስላለው ወንበሩን ለቀቀ። በቦታው የተቀመጠው ፊዮዶር ድሩዢኒን የገዛ ተማሪው ነበር። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሁለተኛው ቫዮሊን ቫሲሊ ሺሪንስኪ ሞተ። እዚህ ላይ ነው ሾስታኮቪች ደጋግሜ ያሰብኩበትን ነገር ያደረገው። 11ኛውን ኳርቴት በ1966 ለሟቹ መታሰቢያ አደረገው፤ 12ኛውን በ1968 ለጺጋኖቭ፣ 13ኛውን በ1970 ለቦሪሶቭስኪ፣ 14ኛውን በ1973 ለሰርጌይ ሺሪንስኪ አበረከተ። ለቀድሞዎቹ አራት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኳርቴት ደረሳቸው ማለት ነው፤ ግማሾቹ ወንበሮች ግን በዚያን ጊዜ የሌላ ሰው ሆነዋል።

ስለዚህ ቫዮላውን ያን ያህል ያገነነው 13ኛው ኳርቴት፣ ሲጻፍ መሣሪያውን አስቀምጦ ለነበረ የ70 ዓመት ሰው የተሰጠ ስጦታ ነው። በመድረክ ላይ ወጥቶ ያን አስቸጋሪ ከፍታ የወጣው ተማሪው ድሩዢኒን ነበር። ሾስታኮቪች ራሱ በ1975 ከመሞቱ በፊት የጨረሰው የመጨረሻ ሥራው ለቫዮላና ለፒያኖ የተጻፈ ሶናታ ሲሆን፣ ያንን ያበረከተው ለድሩዢኒን ነው። ተማሪው በመምህሩ ወንበር ላይ 11 ዓመት ከተቀመጠ በኋላ፣ በራሱ ስም አንድ ሥራ ደረሰው።

ይህን ለየኔታ በዘጌ ቡናቸው ላይ ስነግራቸው፣ የገረማቸው እኔን ከገረመኝ ሌላ ነው።

“ተማሪው ሲጫወተው መምህሩ በሕይወት ነበሩ?”

“ነበሩ፣ የኔታ። ያረፉት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።”

“እንዲያ ከሆነ ልጁ ላብ በላብ ሆኗል” አሉና እሳቸው በወጣትነታቸው በአንድ የጥምቀት ዋዜማ መምህራቸው ፊት ወረብ ሲመሩ ጉልበታቸው እንዴት እንደከዳቸው፣ መምህራቸውም በማግስቱ ምንም ሳይሉ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ጣታቸውን አንሥተው ዝቅ እንዳደረጉ ነገሩኝ። ስንት ዓመት ሲያስተምሩ ኖረው፣ ያችን ቦታ ሲደርሱ አሁንም ያንን ጣት እንደሚያዩ ጨመሩልኝ።

አብሮ መዝጋትም አለ

የኔታ ጥያቄ ከሞስኮ ውጭም ይሠራል ብዬ ሌሎችን ማየት ጀመርኩ። የአሜሪካው ጓርኔሪ ኳርቴት በ1964 ከተመሠረተ በኋላ ለ37 ዓመታት አባላቱን አልቀየረም፤ ቼሎ ተጫዋቹ ዴቪድ ሶየር በ2001 በጡረታ ሲወጣ ወንበሩን የያዘው ተማሪው ፒተር ዋይሊ ነው። የቪየናው አልባን በርግ ኳርቴት ቫዮላ ተጫዋቹን ቶማስ ካኩሽካን በ2005 በሞት ሲያጣ፣ የተተካችው ተማሪው ኢዛቤል ካሪዚዩስ ናት። ይህን ሁሉ ሰብስቤ “አዲሱ ሰው ከዚያው ቤት ሲገኝ ስሙ ይቀጥላል” የሚል ሐሳብ ይዤ ወደ ጓደኞቼ ልሄድ ነበር።

ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳነበው አልመች አለኝ። አልባን በርግ ኳርቴት ካኩሽካ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2008 ሥራውን አቆመ። ጓርኔሪም በ2009 መድረኩን ተሰናበተ። የምክንያቱን ዝርዝር የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከእኔ ዘንድ ሆኖ የሚታየው ግን ከዚያው ቤት የተገኘ ተተኪ መኖሩ ብቻውን ዕድሜ እንደማያስቀጥል ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለማሲንቆ መቺያችን ወገን የሚሆነው የአማዴዎስ ኳርቴት ታሪክ ነው። ሦስቱ አባላት ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ እንግሊዝ የሸሹ አይሁዳውያን ወጣቶች ነበሩ፤ የተዋወቁትም የእንግሊዝ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ የጠላት አገር ዜጋ ብሎ ባጎራቸው ካምፕ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ቼሎ ተጫዋች ማርቲን ሎቬት ተጨምሮ ቡድኑ በ1947 ተመሠረተ። ከዚያ ጀምሮ ለ40 ዓመት አንድም ሰው አልወጣም፣ አንድም ሰው አልገባም። በ1987 ቫዮላ ተጫዋቹ ፒተር ሺድሎፍ ሲሞት፣ የቀሩት ሦስቱ ተተኪ አልፈለጉለትም፤ ቡድኑ በዚያው አበቃ። ከእስር ቤት የጀመረን ወዳጅነት በማስታወቂያ በተገኘ ሰው መሙላት አልቻሉም፤ ማሲንቆ መቺያችን ይህን ሲሰማ “አልኩኝ!” ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

በሌላው ወገን ደግሞ ቦሮዲን ኳርቴት አለ። በ1945 ከገቡት ውስጥ ቫለንቲን ቤርሊንስኪ የሚባል ቼሎ ተጫዋች እስከ 2007 ድረስ፣ ከ60 ዓመት በላይ ወንበሩን አልለቀቀም። በእሱ ዙሪያ ቫዮሊኖቹ ተለዋወጡ፣ ቫዮላው ተለዋወጠ፤ መሥራቹና የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች ሮስቲስላቭ ዱቢንስኪ በ1970ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ወጥቶ ቀረ። አዲስ የሚገባው ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ነባሮቹ ይጠብቁታል፤ እሱ ነባር ሲሆን ደግሞ ሌላው ይመጣል። ቤርሊንስኪ ሲወጣ የቀሩት ከእሱ ጋር ለዓመታት የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ከቤርሊንስኪ ወዲህ ያለው ቡድን ቦሮዲን ለመባል የሚበቃው በዚህ ይመስለኛል፤ አራቱም በአንድ ቀን ተቀይረው ቢሆን ኖሮ እኔም ከማሲንቆ መቺያችን ጋር እቆም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ አንድ ቡድን ልናገር። በ1973 ዴቪድ ሃሪንግተን የመሠረተው የአሜሪካው ክሮኖስ ኳርቴት፣ የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን አንድ ዜማ በ2009 ባወጣው አልበም ውስጥ ተጫውቶታል። ለየኔታ አሰማኋቸው። በገናን እንደ ማሲንቆ አይሸሹትም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡና “ሐዘኑን አግኝተውታል፣ መዝሙሩ ግን ገና ነው” አሉ። በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ቢሆንም ጻፍኩት። ክሮኖስም በ2024 ከ40 ዓመት በላይ አብረውት የቆዩትን ሁለተኛ ቫዮሊኑንና ቫዮላውን አሰናብቶ፣ ዛሬ ከቀድሞዎቹ ሃሪንግተን ብቻውን ቀርቷል።

የማሲንቆው ጣት

በንባብ የማይፈታው ነገር በልምምድ ላይ መጣ። ስሙን በይደር አቆይተን አንድ ወጣት ዋሽንት ነፊ ለሙከራ አስገባን። ከምሥራቅ ጎጃም የመጣ፣ ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት የለመደ ልጅ ነው፤ የማንም ተማሪ አይደለም፣ ወይም ደግሞ የማን ተማሪ እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ችግሩ የታወቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። ዋሽንት አይቃኝም፤ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ ሌሎቻችን ወደ እሱ እንቃኛለን። እኔ ዜማው ከመጀመሩ በፊት የክራሬን አውታሮች በዋሽንቱ ልክ አስተካክላለሁ፤ ዜማው ከተጀመረ በኋላ ግን እጄ ታስሯል። የልጁ ዋሽንት ከቀድሞው ሰው ዋሽንት በጥቂቱ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያም ላይ አንዷን ድምፅ፣ በትዝታ ውስጥ ረዘም ብላ የምትያዘዋን፣ በአነፋፉ የበለጠ ያወጣታል። ክራሬ ቢስተካከልም እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ አንድ የሚያሳክክ ነገር ይሰማል።

እነዚያ ኳርቴቶች ከዚህ የባሰ ችግር አለባቸው። ቼሎ አራት አውታሮች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። ቫዮሊኑ ላይ ደግሞ ከላ በላይ ሚ ይጨመራል። በእያንዳንዱ መሐል ያለውን ርቀት ጆሮ ፍጹም ነው እስከሚል አስተካክለህ ከታችኛው ዶ ተነሥተህ እስከ ላይኛው ሚ ብትወጣ፣ የደረስክበት ሚ ከዚያ ከታችኛው ዶ ጋር አብሮ ሲሰማ ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ ይሆናል። ይህ የተጫዋች ጉድለት አይደለም፤ የድምፅ ተፈጥሮ ራሱ ነው። ስለዚህ ብዙ የኳርቴት ተጫዋቾች ሲቃኙ እያንዳንዷን ርቀት በጥቂቱ ያጠቧታል፤ ሲጫወቱም እንደ ጊታር ጣት የሚያቆም ብረት በአንገቱ ላይ ስለሌለ፣ በየድምፁ ጣታቸውን ወደ ሌላው ሰው ማዘንበል አለባቸው። ቼሎው ላይ ያለው ሰው ዛሬ እንዴት እንደቃኘ ካልሰማ፣ ቫዮላው ብቻውን ልክ ቢሆን አይጠቅመውም።

ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በ1829 ለወዳጁ ለዜልተር በጻፈው ደብዳቤ፣ ኳርቴት ሲሰማ አራት አስተዋይ ሰዎች ሲጨዋወቱ የሚያዳምጥ እንደሚመስለው ገልጿል። የተከበረ አባባል ነው፤ ነገር ግን በእኛ አገር አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ አስተዋዮች አይባሉም። እኔ በልምምዳችን ያየሁት ጨዋታ አይመስልም፤ ምናልባት ጎተም ልምምድ ላይ ቁጭ ብሎ አያውቅ ይሆናል።

ያየሁት ይህ ነው። ያቺ የምታሳክከው ቦታ ስትደርስ ማሲንቆ መቺያችን፣ ያ በስሙ ላይ የተከራከረን፣ የልጁን መምጣት ያልወደደው ሰውዬ፣ በአንዲቷ የፈረስ ጭራ አውታር ላይ ያለውን የግራ እጁን ጣት ድምፁን ከፍ ወደሚያደርገው በኩል ሸርተት አደረጋት። የተንቀሳቀሰችው የጥፍር ስፋት እንኳ አትሆንም። ማሳከኩ ጠፋ። ፊቱን ስመለከተው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ጣቱን ማንቀሳቀሱን ያወቀም አይመስለኝም። ከቀድሞው ዋሽንት ነፊ ጋር ሲጫወት በዚያች ቦታ ጣቱ ወዴት ይሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ድምፁን ዝቅ ወደሚያደርገው በኩል ነበር።

በሁለተኛው ዙር ልጁ ዋሽንቱን ከከንፈሩ ላይ በጥቂቱ አዘንብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገው። ማሲንቆው ከፍ ብሎ ጠበቀው፣ ዋሽንቱ ዝቅ ብሎ መጣ፣ ተላለፉ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ልጁ በትሕትና “ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት ይቆዩ፣ እኔ ልምጣ” አለ። ማሲንቆ መቺያችን “ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!” ብሎ አጉረመረመ፤ ግን በነበረበት ቆየ። ከበሮ መቺያችን አጋጣሚውን አላሳለፈውም፤ “ጋን በጠጠር ይደገፋል” ብሎ ጨመረበት።

ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። እሳቸው ባደጉበት ወግ ከሌላ ቤት የመጣ ደብተራ የራሱን አካሄድ አፍኖ የደብሩን ይይዛል እንጂ፣ ደብሩ ወደ እሱ አይሄድም። በማኅሌት ልክ ናቸው፤ መቶ ሰው በአንድ አካሄድ ካልሄደ ጸናጽሉም አይገጥምም። ለአራት ሰው ግን የእሳቸው ሕግ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። አዲሱ ሰው ብቻ እየተጠጋ ሦስቱ ካልተነቃነቁ፣ የሚጠበቀው የቀድሞው ሰው ጥላ ይሆናል፤ የቀድሞው ሰው ደግሞ ሄዷል፣ አዲስ አበባ ሆኖ ለሌላ ቡድን ይነፋል። ማሲንቆ መቺያችን ከእሱ ጋር የለመደው ነገር በአንዲት ጣት ድምፁን ዝቅ ማድረግ ከሆነ፣ ከልጁ ጋር የሚለምደው ከፍ ማድረግን ነው፤ የሁለቱም ምንጭ ያው የመስማት ልማድ ነው። የኔታ “የማን ተማሪ ነው” ሲሉ የፈለጉትን በእኛ ቤት ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ልጁ የማንም ተማሪ ሳይሆን መጥቶ፣ በሁለት ወር ውስጥ የማሲንቆ መቺያችን ተማሪ እየሆነ ነው፣ ማሲንቆ መቺያችንም ባያምንም በከፊል የልጁ።

ስሙን በመጨረሻ ያዝነው፤ አንድ ውል ተጨምሮበት። ማሲንቆ መቺያችን እሱ በሞት ወይም በእርጅና ሲወጣ ስሙ እንዲቀር፣ ተተኪም እንዳይፈለግለት ጠይቋል፤ እንደ አማዴዎስ። ከበሮ መቺያችን “ያን ጊዜ እንነጋገራለን” ቢልም፣ እኔና ልጁ ተቀብለነዋል፤ አንድ ሰው ስለ ራሱ ወንበር የመወሰን መብት አለው። እኔ ስለ ክራሩ የወሰንኩት የተለየ ነው። የወንድሜ ልጅ ክራር ከጀመረች ቆይታለችና፣ ከአሁን ጀምሮ ልምምድ ላይ አጠገቤ እንድትቀመጥ ጋበዝኳት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ የሠርግ ክፍያ እንዴት እንደምንካፈል ነበር። በእኩል እንካፈላለን አልኳት። “ለተማሪስ?” አለች። ይህን ገና አልጨረስነውም፤ ማሲንቆ መቺያችን የባጃጅ ሒሳብ ይበቃታል ይላል፣ ከበሮ መቺያችን ደግሞ ከጥር በፊት ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይነገራት ብሎ ይከራከርላታል።